ተኩስ ሳይሰማ የሰመጡ መርከቦች

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጦር መርከቦች ነው፤ ስለ ጦርነት ግን አይደለም። ማንም ሳይተኩስባቸው፣ በልምምድ ወይም በሙከራ ጉዞ ላይ፣ አንዳንዴም ወደብ ላይ ታስረው ሳሉ ስለሰመጡ የባሕር ኃይል መርከቦች እናወጋለን። ይበልጥ የምንቆየው በኒውክሌር ኃይል የሚንቀሳቀሱት ሰርጓጅ መርከቦች ዘንድ ነው። ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመሐሉ እያስታወስኩ አላሰለቻችሁም።

ኒውክሌር ሲባል ቀድሞ በሐሳባችን የሚመጣው ፍንዳታና ጨረር ነው። ዛሬ ከምነግራችሁ አደጋዎች አብዛኞቹ ግን ከአቶሙ አልተነሡም። የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ የበር ክዳን፣ የቀለም ጠብታ ናቸው መነሻዎቹ። ከቀለሙ ልጀምር።

ጁን 1 ቀን 1939 ነው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሦስት ወር ቀርቶታል። "ቴቲስ" የተባለች አዲስ የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ በሊቨርፑል አቅራቢያ የመጥለቅ ሙከራ ልታደርግ ወጣች። በናፍጣና በባትሪ የምትሠራ ናት፤ የአቶም ዘመን ገና አልመጣም። የፋብሪካው መሐንዲሶችና ታዛቢዎች ተጨምረውባት 103 ሰው ተሳፍሯል፤ ከመደበኛ ሠራተኞቿ እጥፍ ያህል ማለት ነው። መርከቧ አልጠልቅም አለች፤ ክብደቷ አነሰ። ምክንያቱን ሲያጣሩ የቶርፔዶ ማስወንጨፊያ ቱቦዎቹ ውሃ ይዘው እንደሆነ ለማየት ፈለጉ። ለዚህ ሥራ በየቱቦው የኋላ በር ላይ አንዲት ትንሽ መፈተሻ አለች። ተከፍታ ውሃ ካፈሰሰች ቱቦው ሙሉ ነው፤ ምንም ካልወጣባት ባዶ ነው። በ5ኛው ቱቦ መፈተሻ ምንም አልወጣም። በሩ ተከፈተ። ለካ የቱቦው የውጭ ክዳን ለባሕሩ ወለል ብሎ ኖሯል፤ የመፈተሻዋን ቀዳዳ የደፈናት ደግሞ የደረቀ ቀለም ነው።

ቦታው ጥልቅ አልነበረም። የባሕሩ ጥልቀት ከመርከቧ ርዝመት ያነሰ ስለነበር ጭራዋ ከውሃው በላይ ወጥቶ በዓይን ይታይ ነበር። ረዳት መርከቦች መጥተው ከበቧት፤ ሊያድኗት ግን አልቻሉም። አራት ሰዎች በማምለጫው ክፍል በኩል ወጡ፤ 99ኙ ውስጥ ሆነው አየራቸው ተበክሎ ሞቱ።

የሚገርመው፣ ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ በሌላው የአትላንቲክ ዳርቻ "ስኳለስ" የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብም በሙከራ ላይ ሳለች ሰምጣ ነበር። የሞተሩ ትልቁ የአየር ማስገቢያ በሚገባ ሳይዘጋ፣ የመቆጣጠሪያው መብራት ግን "ተዘግቷል" እያለ ጠለቀች። 26 ሰዎች ሞቱ፤ የቀሩትን 33 ግን በብረት ገመድ በሚወርድ የማዳኛ ክፍል ከ70 ሜትር በላይ ጥልቀት እየመላለሱ አወጧቸው። የማዳኛው ክፍል ቀድሞ የተሠራና የተሞከረ ነበር። በሁለቱ መርከቦች መካከል ያለውን ልዩነት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ወደ አቶሙ ዘመን ከመግባታችን በፊት ሰርጓጅ መርከብ እንዴት እንደሚወርድና እንደሚወጣ በአጭሩ ልንገራችሁ። በመርከቧ አካል ዙሪያ ትልልቅ የሚዛን ጋኖች አሉ። ጋኖቹ አየር ሲይዙ ትንሳፈፋለች፤ የባሕር ውሃ ሲገባባቸው ትወርዳለች። መውጣት ሲፈለግ በሲሊንደር ታምቆ የተቀመጠ አየር ወደ ጋኖቹ ይለቀቅና ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ሁለተኛው መንገድ ሞተር ነው፤ አፍንጫን ቀና አድርጎ በጉልበት መውጣት። አንዱ እምቢ ቢል ሌላው ይኖራል። ሁለቱ በአንድ ላይ እምቢ ያሉ ዕለት ግን መርከቧ የባሕሩ ናት።

የውሃው ግፊትም አለ። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የአንድ ኪሎ ግራም ያህል ጫና ይጨመራል። 400 ሜትር ላይ 40 ኪሎ ይሆናል፤ በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ። እዚያ ጥልቀት ላይ ቀጭን ስንጥቅ እንኳ ውሃውን በነጎድጓድ ድምፅ ወርውራ ታስገባዋለች፤ ክፍሉ በጉም ይሞላል፤ ጨዋማው ጉም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ላይ ካረፈ መስመሩ ይቃጠላል።

በጃንዋሪ 1955 "ናውቲለስ" የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በኒውክሌር ኃይል ተንቀሳቅሳ ከወደብ ወጣች፤ የመጀመሪያዋ ናት። ሪአክተር ወይም ማብላያ የሚባለው ክፍል የሚሠራው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሙቀት ውሃውን እንፋሎት ያደርገዋል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። አየር አይፈልግም፤ ነዳጁም ለዓመታት ይበቃል። ስለዚህ መርከቧ በየጊዜው ለአየር ብላ ብቅ ማለቷ ቀረ፤ ከውሃ በታች የምትቆይበትን ጊዜ የሚወስነው የሰዎቹ ስንቅና ትዕግሥት ሆነ። ይህ ሪአክተር እንደ አቶም ቦምብ አይፈነዳም። ይፋጃል፣ ይቀልጣል፣ ጨረር ይረጫል፤ በቁጥጥር ጉድለት ከተቀሰቀሰም በእንፋሎት ኃይል ክዳኑን ሊያፈናጥር ይችላል።

እንግዲህ "ትሬሸር"። ይህችኛዋ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ።

ትሬሸር በዘመኗ ፈጣንና ጥልቅ ጠላቂ ከሚባሉት የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች ግንባር ቀደም ነበረች። ለወራት ጥገና ላይ ቆይታ ኤፕሪል 10 ቀን 1963 ከኬፕ ኮድ በስተ ምሥራቅ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የጥልቀት ሙከራ ጀመረች። ውስጧ 129 ሰው አለ፤ 17ቱ ሲቪሎች ናቸው። ከበላይዋ "ስካይላርክ" የተባለች የነፍስ አድን መርከብ በድምፅ ትከታተላታለች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከታች መልእክት መጣ። ቀላል ችግር እንደገጠማቸው፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና እንዳለና ጋኖቹን በአየር ሊነፉ እየሞከሩ እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የተሰማው የተቆራረጠ ቃል ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የብረት መጨፍለቅ ድምፅ ተሰማ። ስብርባሪዋ የተገኘው 2,500 ሜትር በሚያልፍ ጥልቀት ላይ ተበታትኖ ነው።

የባሕር ኃይሉ መርማሪ ችሎት "ይሆናል" ብሎ የደረሰበት ታሪክ ይህን ይመስላል። ሞተር ክፍል ውስጥ በብር ቅይጥ ከተበየዱት የቧንቧ መገጣጠሚያዎች አንዱ ለቀቀ። የተረጨው ውሃ ኤሌክትሪኩን አወከ፤ ሪአክተሩም በራሱ ጊዜ ጠፋ። በዚያን ጊዜ ደንብ የጠፋን ሪአክተር መልሶ ማስነሣት ደቂቃዎችን የሚፈጅ ሥርዓት ነበረው፤ እዚያ ጥልቀት ላይ ደግሞ ደቂቃ የለም። የቀረው መንገድ ጋኖቹን በአየር መንፋት ነው። የታመቀ አየር በድንገት ሲለቀቅ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ የመኪና ጎማ ሲያስተነፍስ ቫልቩ ላይ ጣቱን ያደረገ ሰው ያውቀዋል። የትሬሸር አየር እርጥበት ነበረው። እርጥበቱ በማጣሪያ ወንፊቶቹ ላይ በረዶ ሆኖ መንገዱን ዘጋ። ይህ ከአደጋው በኋላ በእኅት መርከቧ "ቲኖሳ" ላይ ወደብ ውስጥ ተሞክሮ ታይቷል፤ አየሩ ጥቂት ሴኮንድ ነፍሶ ቆመ።

አሁን የሚያስቆጨውን ስሙ። ትሬሸር ለጥገና በቆመችበት ጊዜ ከመገጣጠሚያዎቿ 145ቱ በድምፅ ሞገድ መሣሪያ ተመርምረው 14 በመቶ ያህሉ ከደረጃ በታች ሆነው ተገኝተው ነበር። በመርከቧ ላይ እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ በሺዎች ይቆጠራል። ምርመራው ሁሉንም ሳያዳርስ ቆመ፤ መርከቧ ወጣች።

ይህ ነው የዛሬው ጉዳዬ። የባሕር አደጋዎችን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የማየው አንድ ነገር ነው። ሰዎቹን ሊያድን የሚችለው እውቀት አስቀድሞ ነበረ፤ አንድ ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ወይም አንድ ሰው አእምሮ ውስጥ አለ፤ ግን በጊዜው ለሚያስፈልገው ሰው አልደረሰም። የአሜሪካን የኒውክሌር ባሕር ኃይል የገነቡት አድሚራል ሃይማን ሪክኦቨር ለምክር ቤቱ ሲመሰክሩ የተናገሩት ከዚህ የራቀ አልነበረም። የትሬሸር መጥፋት የአንድ ብየዳ ወይም የአንድ መሣሪያ ጉድለት ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ፣ መርከብ የሚነደፍበት፣ የሚሠራበትና የሚመረመርበት አስተሳሰብ ውጤት መሆኑን አስገንዝበዋል።

ከዚያ "ሰብሴፍ" የሚባለው መርሐ ግብር ተቋቋመ። ነገሩ ማሽን ወይም አዲስ ፈጠራ አይደለም። የባሕርን ውሃ ከሰው የሚለይ እያንዳንዱ ቧንቧ፣ ቫልቭ፣ ብሎንና ብየዳ ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደመረመረውና ማን እንደፈረመበት የሚያሳይ ማስረጃ ይኑረው ይላል። ማስረጃው ከሌለ ብረቱ ጤነኛ ቢሆንም አይታመንም። በቢሮክራሲ የምንማረር ሰዎች ለፊርማ ክብር መስጠት ይከብደናል፤ ቁጥሩን ግን ስሙት። ከ1915 እስከ 1963 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከውጊያ ውጭ 16 ሰርጓጅ መርከቦች አጥቷል። ከ1963 ወዲህ የጠፋችው አንዲት ናት። እሷም በ1968 ከአዞረስ ደሴቶች ደቡብ ምዕራብ ከ99 ሰዎቿ ጋር የሰመጠችው "ስኮርፒዮን" ስትሆን፣ የሰብሴፍ ማረጋገጫ ገና ያልተሰጣት ነበረች። የስኮርፒዮን ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የራሷ ቶርፔዶ ነው የሚሉ አሉ፣ የባትሪ ፍንዳታ ነው የሚሉም አሉ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ወደ ሶቭየት ኅብረት እንሻገር። እዚያ ሪአክተሩ ራሱ የአደጋው መነሻ የሆነባቸው ጊዜያት አሉ።

ጁላይ 4 ቀን 1961 "ኬ-19" የተባለችው ባለ ሚሳኤል ሰርጓጅ መርከብ በሰሜን አትላንቲክ ልምምድ ላይ ሳለች ከሁለቱ ሪአክተሮቿ አንዱን የሚያቀዘቅዘው ቧንቧ ፈነዳ። ሪአክተር ቢጠፋም ሙቀቱ ወዲያው አይሞትም፤ ውሃ ካላገኘ ነዳጁ ይቀልጣል። ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ማቀዝቀዣ ደግሞ መርከቧ ላይ አልተገጠመም። ካፒቴኑ ኒኮላይ ዛቴዬቭ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። መርከበኞቹ ሪአክተሩ ክፍል ድረስ ገብተው፣ ካሉት ቧንቧዎች አዲስ የውሃ መስመር ቀጥለው በየዱ። የጨረር መከላከያ ልብስ የላቸውም፤ የለበሱት የዝናብ ካፖርትና የጋዝ ጭምብል ነው። ሪአክተሩ ቀዘቀዘ፤ መርከቧ ተረፈች። ክፍሉ ውስጥ የሠሩት ስምንት ሰዎች በሦስት ሳምንት ውስጥ አለቁ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ታሪኩ ሶቭየት ኅብረት እስክትፈርስ ድረስ በምስጢር ተይዟል። መርከበኞቹ ግን መርከቧን በራሳቸው መካከል "ሂሮሺማ" ብለው ይጠሯት ነበር።

ምስጢሩ ያስከፈለውን ዋጋ ለማየት ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። በፌብሩዋሪ 1965 ሴቬሮድቪንስክ ወደብ ላይ የ"ኬ-11" ሪአክተር ነዳጅ ሲቀየር ክዳኑ ሲነሣ የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ አብረው ተነሡ። ዘንጎቹ የኒውክሌሩን ሥራ የሚገቱ ልጓሞች ናቸው፤ ከቦታቸው ሲወጡ ሪአክተሩ ሳይታሰብ ተቀሰቀሰ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 10 ቀን 1985፣ በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ በቭላዲቮስቶክ አቅራቢያ ቻዥማ በተባለ ወሽመጥ "ኬ-431" ነዳጅ ትቀይራለች። ክዳኑ በደንብ አልገጠመም ተብሎ እንደገና ይነሣል፤ ዘንጎቹ በሚገባ አልተያዙም። በአጠገባቸው አንዲት ፈጣን ጀልባ ስታልፍ ማዕበሏ ክሬን የተሸከመውን ጀልባ አናወጠው፤ ክዳኑ ከሚገባው በላይ ከፍ አለ። በእንፋሎቱ ፍንዳታ አሥር ሰዎች እዚያው ሞቱ። የ1965ቱ ትምህርት በቂ ነበር፤ ቻዥማ ድረስ ግን አልተጓዘም።

በኦክቶበር 1986 ቤርሙዳ አካባቢ በ"ኬ-219" ላይ የሆነውን በአጭሩ ልጥቀስ። የሚሳኤል ማስወንጨፊያው የባሕር ውሃ አስገባ፤ ውሃውና የሚሳኤሉ ፈሳሽ ነዳጅ ተገናኝተው ፈነዱ። በዚያችው መርከብ ከማስወንጨፊያዎቹ አንዱ ቀደም ሲል በተመሳሳይ አደጋ ምክንያት ተበይዶ የተዘጋ ነበር። ሪአክተሩን ከርቀት ማጥፋት ስላልተቻለ ሰርጌይ ፕሬሚኒን የተባለ የ20 ዓመት መርከበኛ ገብቶ ዘንጎቹን በእጁ አወረዳቸው። ሲመለስ በክፍሎቹ መካከል ያለው የአየር ግፊት ተለያይቶ በሩ አልከፈት አለ፤ ከውጭ ያሉት ጓደኞቹም ሊከፍቱለት አልቻሉም። የሞስኮ ምስጋና የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ በ1997 የሩሲያ ጀግና ተባለ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ "ኩርስክ" እንምጣ፤ ከመሐላችን ብዙዎች በዜና የተከታተልነው ነው። ታሪኩ ግን ከ2000 ዓ.ም. 45 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በእንግሊዝ ፖርትላንድ ወደብ ይጀምራል።

ጁን 16 ቀን 1955 "ሲዶን" የተባለች የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ አዲስ ዓይነት የሙከራ ቶርፔዶ ትጭናለች። የዚህ ቶርፔዶ ሞተር የሚሠራው በተጠናከረ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ዓይነት ፈሳሽ ሲሆን ጥንካሬው ግን ከዚያ ጋር አይወዳደርም። እንደ መዳብ ያለ ብረት ሲነካው ወዲያው ወደ ኦክስጅንና ትኩስ እንፋሎት ይለወጣል፤ መጠኑ በእጅጉ ይነፋል። የሲዶን ቶርፔዶ ቱቦው ውስጥ ሳለ ሞተሩ ተነሥቶ ፈነዳ። 13 ሰዎች ሞቱ፤ አንዱ ሊረዳ የገባ ወጣት የሕክምና መኮንን ነበር። እንግሊዝ ፈሳሹ ለሰርጓጅ መርከብ እንደማይሆን ደምድማ ከቶርፔዶዎቿ አስወጣችው። ሞስኮ ቀጠለችበት።

ኦገስት 12 ቀን 2000 በባረንትስ ባሕር ትልቅ ልምምድ ላይ ከነበሩት መርከቦች አንዷ ኩርስክ ነበረች፤ 154 ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ሪአክተር፣ 118 ሰው። ለልምምድ የተዘጋጀ የፐርኦክሳይድ ቶርፔዶ ፊተኛው ክፍል ውስጥ ፈሳሹን አፈሰሰና ፈነዳ። 135 ሴኮንድ ቆይቶ በእሳቱ የተነኩት ሌሎቹ ቶርፔዶዎች በአንድ ላይ ፈነዱ። ሁለተኛው ፍንዳታ በሰሜን አውሮፓ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያዎች ላይ ጎልቶ ታይቷል። መርከቧ 108 ሜትር ላይ አረፈች። ቀጥ ብላ ብትቆም ኖሮ ከ40 ሜትር በላይ አካሏ ከውሃው በላይ ይታይ ነበር።

የሰሜኑ መርከብ ጓድ አደጋ መኖሩን በይፋ ያወጀው ግማሽ ቀን ያህል ካለፈ በኋላ ነው። መርከቧ የሰመጠችበትን ቦታ ለማመልከት ወደ ላይ መንሳፈፍ የነበረበት ምልክትም አልወጣም፤ በስህተት ተለቅቆ መርከቧን እንዳያጋልጥ ተብሎ ቀድሞ ከሥራ ውጭ ተደርጎ ነበር። የሩሲያ ትናንሽ ማዳኛ መርከቦች ለቀናት ሞክረው መውጫው በር ላይ መግጠም አቃታቸው። ፕሬዚዳንት ፑቲን ሶቺ እረፍት ላይ ነበሩ። እንግሊዝና ኖርዌይ እናግዝ አሉ፤ እሺ የተባሉት ቀናት ከነጎዱ በኋላ ነው። ኦገስት 21 የኖርዌይ ጠላቂዎች በሩን ሲከፍቱት ውስጡ ውሃ ነበር።

ከፍንዳታው በኋላ በመጨረሻው፣ በ9ኛው ክፍል፣ 23 ሰዎች በሕይወት ተሰብስበው ነበር። ይህን የምናውቀው ዲሚትሪ ኮሌስኒኮቭ የተባለው መኮንን በጨለማ ውስጥ ስማቸውን ጽፎ በኪሱ ስለያዘው ነው። ይፋው ምርመራ እንደሚለው ሰዎቹ ከሰዓታት በላይ አልቆዩም፤ ኦክስጅን የሚሰጠው ኬሚካል ዘይት ካለበት ውሃ ጋር ተገናኝቶ እሳት ፈጠረ። ቶሎ ቢደረስላቸውም አይተርፉም ነበር ማለት ነው? ምናልባት። ያ ግን ለዘገየው ሰው መከላከያ የሚሆን አይመስለኝም፤ የዘገየው ሰው ሞተዋል ብሎ አይደለም የዘገየው።

ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ ላይ የውጭ ሰርጓጅ መርከብ ገጭቷት ይሆናል ብለው ነበር። በ2001 መገባደጃ የሆላንድ ኩባንያዎች ከባሕሩ ወለል አውጥተዋት፣ በ2002 ዐቃቤ ሕጉ ምክንያቱ የቶርፔዶው ፈሳሽ መሆኑን አረጋገጡ። ማንም ለፍርድ አልቀረበም። ሁለቱ ሪአክተሮች ግን ፍንዳታው በደረሰበት ቅጽበት በራሳቸው ጠፍተው፣ ጨረር ሳያፈስሱ ተገኝተዋል። ከዚያች መርከብ ሥራውን በትክክል የሠራው የተፈራው ክፍል ነው።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የቴቲስና የስኳለስ ልዩነት እዚህ ይመጣል። በኦገስት 2005 "ኤኤስ-28" የተባለች የሩሲያ ትንሽ ማዳኛ ሰርጓጅ በካምቻትካ አቅራቢያ 190 ሜትር ጥልቀት ላይ በመረብና በገመድ ተተብትባ ቀረች፤ ሰባት ሰው ውስጧ አለ። በዚህ ጊዜ ሞስኮ የውጭ እርዳታ ለመጠየቅ አልቆየችም። እንግሊዞች በአውሮፕላን ያደረሱት "ስኮርፒዮ" የተባለ ሰው አልባ መሣሪያ ገመዱን ቆረጠ፤ ሰባቱም በሦስተኛው ቀን በሕይወት ወጡ። ከኩርስክ በኋላ የአገሮች የነፍስ አድን መሣሪያ የት እንዳለ የሚያስተባብር ዓለም አቀፍ ቢሮ በ2003 ተቋቁሞ ስለነበር ለማን እንደሚደወል ይታወቅ ነበር።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ሁሉም ታሪክ አሳዛኝ አይደለም። በሜይ 1969 በካሊፎርኒያ ሜር አይላንድ መርከብ ሠሪ ሰፈር ያላለቀች "ጊታሮ" የተባለች የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ታስራ ቆማለች። የኒውክሌሩ ሠራተኞች ለሙከራ ከኋላ ጋኖች ላይ ውሃ ይሞላሉ። ሌላው ቡድን ደግሞ አፍንጫዋ እንዲስተካከል ከፊት ይሞላል። አንዱ ቡድን ሌላው መኖሩን አያውቅም። ምሽት ላይ ክፍት በሆኑት በሮቿ ውሃ ገባና እዚያው ወደብ ላይ ሰመጠች። ሰው አልሞተም፤ ወጪው ግን በሚሊዮኖች ዶላር ተቆጠረ።

በፌብሩዋሪ 2001 በሃዋይ የሆነው ግን የልጆች ሞት ነው። "ግሪንቪል" የተባለችው የአሜሪካ የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ 16 ሲቪል እንግዶች ይዛ ወጣች። ለእነሱ ለማሳየት ከጥልቀት በድንገት የመውጣት ትርኢት አደረገች። ብቅ ያለችው "ኤሂሜ ማሩ" በተባለች የጃፓን የዓሣ ማስገር ትምህርት ቤት መርከብ ሆድ ሥር ነበር። ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ፤ አራቱ ተማሪዎች ናቸው። ምርመራው ያገኘው ነገር የትሬሸርን መገጣጠሚያ ያስታውሰኛል። ከመርከበኞቹ አንዱ በመሣሪያው ላይ አንድ መርከብ እየቀረበ መሆኑን የሚያሳይ መረጃ ነበረው፤ የመቆጣጠሪያው ክፍል በእንግዶች ተጨናንቆ ስለነበር ለአዛዡ አላደረሰም።

የሚሳኤል ተሸካሚዎቹ ዝምታም የራሱ አደጋ አለው። በፌብሩዋሪ 2009 የእንግሊዟ "ቫንጋርድ" እና የፈረንሳዪቱ "ለ ትሪዮምፋን" አትላንቲክ ውስጥ ተጋጩ። ሁለቱም እንዳይሰሙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ አልተሰማሙም። ፈረንሳዮቹ መጀመሪያ የመቱት ኮንቴይነር መስሏቸው ነበር።

በምጽዋ ያገለገላችሁ የቀድሞው ባሕር ኃይል አባላት ብታዳምጡን የ2017ቱ የ"ጆን ኤስ ማኬን" ነገር ይገባችኋል ብዬ አስባለሁ። ይህች ትልቅ የአሜሪካ ጦር መርከብ በሲንጋፖር መተላለፊያ ስትገባ የመሪው ሠራተኛ ሥራ እንዲቀልለት ኃላፊነቱ ለሁለት ሰው ተከፈለ። ክፍፍሉ የሚደረገው በንክኪ ስክሪን ነው። የመሪው ቁጥጥር ሳይታወቅ ወደ ሌላ ጣቢያ ተላለፈ፤ መሪ የያዘው ሰው መሪው የጠፋ መሰለው። መርከቧ ወደ ግራ ታጥፋ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጨች፤ አሥር መርከበኞች በተኙበት ሞቱ። ባሕር ኃይሉ ከዚያ በኋላ የሞተር መቆጣጠሪያውን ከስክሪን ወደ ቀድሞው የእጅ ዘንግ ለመመለስ ወሰነ።

አንድ ጥያቄ ይቀረናል። የሰመጡት ሪአክተሮችስ የት ናቸው?

ትሬሸርና ስኮርፒዮን አትላንቲክ ሥር ናቸው፤ ኬ-219ም እንዲሁ። በኖርዌይ ባሕር 1,680 ሜትር ጥልቀት ላይ "ኮምሶሞሌትስ" የተባለችው የሶቭየት ሰርጓጅ መርከብ ተኝታለች። ኤፕሪል 7 ቀን 1989 በእሳት አደጋ ስትሰምጥ ከ69 ሰዎቿ 42ቱ ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው እሳቱ ሳይሆን የባሕሩ ቅዝቃዜ ነበር። ከእሷ ጋር አንድ ሪአክተርና ሁለት የኒውክሌር ቶርፔዶዎች አሉ። በ2019 ኖርዌጂያን ተመራማሪዎች በሰው አልባ መሣሪያ ወርደው ከአየር ማስወጫ ቱቦዋ አጠገብ ውሃ ቀድተው ነበር፤ የሲዚየም ጨረሩ ከተለመደው የባሕር ውሃ እስከ 800,000 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከቱቦው ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ግን ውሃው ያሟሟዋል፤ በአካባቢው ዓሣ ላይ ጉዳት አልታየም። ኖርዌይ ክትትሉን ቀጥላለች፤ ለዓሣ ገበያዋ ስትል አትተወውም።

ይበልጥ የሚያሳስቡት ጥልቀት የሌላቸው ቦታዎች ላይ ያሉት ናቸው። "ኬ-27" በሶቭየት ጊዜ ሆን ተብሎ በካራ ባሕር 30 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ እንድትሰምጥ ተደርጋለች። "ኬ-159" ደግሞ በ2003 ለመፍረስ በገመድ ስትጎተት በባረንትስ ባሕር በማዕበል ሰመጠች፤ ከተሳፈሩት አሥር ሰዎች ዘጠኙ ሞቱ፤ ሪአክተሮቿ ያገለገለ ነዳጅ እንደያዙ ናቸው። ሩሲያ ሁለቱንም ለማንሣት ማቀዷን አስታውቃ ነበር። ሥራው ከባድ ነው፤ ዝገት የበላውን ብረት ከባሕር ወለል ሲያነሡት ሊሰበር ይችላል፣ እዚያው ቢተዉትም ዝገቱ አይቆምም። በዚህ ጉዳይ የሩሲያና የኖርዌይ ባለሥልጣናት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይነጋገሩ ነበር፤ ከዩክሬን ጦርነት ወዲህ ንግግሩ ቆሟል።